ኔትወርክ የማይደርስበት ሱባኤ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሑድ ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለየወይንሐረግ፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ ልጀምር አሰብኩና፣ እንዴት እንደሰነበቱ ስለማውቅ ተውኩት። እኔም ደህና ነኝ ልል ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይቼ የጠየቁኝን ልመልስ።

አዎ፣ ቦታ አግኝቻለሁ። ቴክስት አታድርጊ ያሉኝ ልክ ነው። እማዬ ሰዓት ለማየት አጠገቧ ያለውን ስልክ ነው የምታነሳው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የእኔን። ስለዚህ ይህን ሻወር ቤት በር ዘግቼ በወረቀት እጽፋለሁ። ጋሽ ይገዙ ደብዳቤውን ሊያደርሱልዎት ታች መኪናቸው ውስጥ እየጠበቁኝ ነው።

ከጠዋት ጀምሮ ሳነብ የዋልኩት የካምፕግራውንድ ሪቪው ነው። ስቴት ፓርክ ሄደው፣ ድንኳን ተክለው ያደሩ ሰዎች ሲመለሱ ስለ ሁሉም ነገር ይጽፋሉ። ስለ ሽንት ቤቱ፣ ስለ ሻወሩ ውሃ፣ ስለ ጎረቤታቸው ውሻ። ከአንድ እስከ አምስት ኮከብም ይሰጣሉ። ሰው የሚፈልገው አምስት ኮከብ ያለውን ነው። እኔ አንድ ኮከብ የሰጡትን ብቻ እየመረጥኩ አነበብኩ። አንዱ ሰውዬ «ስልካችን ከገባንበት ሰዓት ጀምሮ ሞተ፤ ከዓለም ተቆርጠን ከረምን፤ ገንዘባችንን መልሱልን» ይላል። ሌላዋ «ልጄ ቢታመምብኝ ለማን ልደውል ነበር?» ትላለች። ሰዎች እየተናደዱ የጻፉትን ሳነብ ለእኛ ደስ አለኝ። ከዚያ ደስ ስላለኝ አፈርኩ። ቦታው ከጌይተርስበርግ አልፎ ወደ ምዕራብ፣ ተራራዎቹ ውስጥ ነው። ጋሽ ይገዙ መንገዱን አውቀዋለሁ ብለዋል።

እማዬን ማሳመን አልከበደም። ለፍልሰታ ሱባኤ ብላ ከሥራ ፈቃድ የወሰደችው ከመጀመሪያውም ነበር። «ዘንድሮ ቤት ከምትዘጊ ተራራ ላይ ብትይዢው ይሻላል፣ አክስቴም እንዲህ ብለዋል» አልኳት። ሳቀችብኝ። «ገዳም አገኘሽልኝ በይኛ» አለች። እንደዚህ ስትስቅ ከፋሲካ ወዲህ አላየኋትም።

ያሉኝ ሁሉ ገብቶኛል። አባዬ ትራኩን ከካሊፎርኒያ እስኪመልስ፣ ሰዉም ከሥራ የሚያርፍበት ቅዳሜ እስኪደርስ ማንም ለማንም አይናገርም። ዓርብ ወደ ቤት እንመለሳለን። ቅዳሜ ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ መጥተው ለሁለቱም በአንድ ላይ መርዶውን ይነግሯቸዋል። እስከዚያ ፌስቡክ እንዳይቀድመን ነው የምንሸሸው።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ወንድሜ እንዴት እንደሞተ አይንገሩኝ። መሞቱን ማወቄ ይበቃል። እማዬ ፊቴን ታነባለች፤ ብዙ ባይጻፍበት ይሻላል።

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ለኃይለልዑል ደወለችለት፤ አላነሳም። «ኔትወርክ አጥፍተውባቸው ይሆናል» አለች። «ይሆናል» አልኳት። ይህ ኃጢአት ነው?

ብሩክታይት

•

አሌክሳንድሪያ፣ ሰኞ ነሐሴ 5

ብሩኬ፣ የኔ ልጅ፣

ይገዙ ደብዳቤሽን ትናንት ማታ አደረሰልኝ። ዛሬ እናንተን ካደረሰ በኋላ ደግሞ ይህንን ነገ ከበረዶውና ከውሃው ጋር ያመጣልሻል። እናትሽ ስታይ አትቀበዪው። ከዳቦው ሥር አድርጎ ይሰጥሻል።

ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። ሰው መርዶ ብቻውን አይሰማም። የሚይዘው ክንድ በግራም በቀኝም መኖር አለበት። እኔ የአባታችንን ሞት የሰማሁት አዳምስ ሞርጋን አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን እያጠብኩ ነው፤ በስልክ፣ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ። ማናጀሩ አየኝና «ሺፍትሽን ጨርሺ» አለኝ። ጨረስኩ። ያን ቀን እህቴ እንዲህ አትሰማም ብዬ ማልኩ። የምትጠብቂው ያን መሐላ ነው፤ ውሸት አይደለም።

ልጁን እንደቀበሩት ብቻ ላንቺ ልንገርሽ። ሌላውን እንዳልሽው ትቼዋለሁ።

አባትሽ ምንም አያውቅም። «ቅዳሜ ለቤተ ክርስቲያን ጉዳይ እንፈልግሃለን፣ ዓርብ ማታ ግባ» ተብሏል። አርባ ቶን እየጎተተ ያለ ሰው መርዶ አይነገረውም።

እንባሽ ከመጣ ሽንኩርት ላጪ። ጾም ነውና ሽንኩርት ሁልጊዜ አለ። ደግሞ ዝምታሽ አያስጠረጥርም፣ ድሮም ዝምተኛ ነሽ። የገዛ ልጄን ማራናታን ትቼ አንቺን የመረጥኩት ለዚህ ነው። እሷ ብትሆን ገና ፍሬድሪክ ከተማ ሳትደርሱ ትዘረግፈው ነበር።

አክስትሽ

•

ከካምፑ፣ ማክሰኞ ነሐሴ 6

አክስቴ፣

ስለ ቦታው ልንገርዎት። የጋሽ ይገዙ ልጆች ድንኳን ለሁለት ሰው ይበቃል። ከፊቱ ከመሬት ጋር የታሰረ የእንጨት ጠረጴዛ አለ። የቧንቧው ውሃ ብረት ብረት ይላል። ስልክ በእውነትም የለም፤ ያ የተናደደው ሰውዬ አልዋሸም። እማዬ ትናንት ስልኳን ወደ ሰማይ ዘርግታ ዞረችና «ይኼ ደግሞ እንደ አገር ቤት ሆነ» ብላ ተወችው። አሁን የምታበራው ውዳሴ ማርያምን በትልልቅ ፊደል ለማንበብ ብቻ ነው። ጋሽ ይገዙ በመኪናቸው ቻርጅ ያደርጉላታል።

አጠገባችን አሮጊትና ሽማግሌ ባልና ሚስት ቤት በሚያህል መኪና መጥተዋል። ሴትዮዋ በየነሐሴው ትመጣለች። ስለ ቦታው ብዙ ሐሳብ አላት። ሻወሩ ድሮ ይሻል ነበር፣ አሁን ውሃው ሳይታሰብ ይቀዘቅዛል፣ የሽንት ቤቱ በር አይገጥምም፣ የፓርኩ ጠባቂ ሬንጀሮች አንሰዋል። እኔ እንደሚያውቁኝ ነው፤ ራሴን እነቀንቃለሁ። «ምን አለችሽ?» አለችኝ እማዬ።

«ሻወሩ መጥፎ ነው አለች።»

«ሙቅ ውሃ ከላይ እየወረደላት? ዋልድባ አንድ ሱባኤ ይዘናት ብንሄድ ምን ልትል ነው?»

ሴትዮዋም እማዬ ምን እንዳለች ልትሰማ ፈለገች። ጥሩ ቦታ ነው ብላለች አልኳት። በዚህ ሳምንት ሁሉንም ሰው በሁለት ቋንቋ መዋሸት ተምሬያለሁ።

እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም። ከዚያ በሶ ትበጠብጣለች፤ ለእኔም ታቀርብልኛለች። ሌላውን ጊዜ ትጸልያለች። የምትጸልየው ለኃይለልዑል ነው። ዲቪው ስለደረሰው በመስከረም የኤምባሲ ቀጠሮ አለው አይደል። እኛ ስንመጣ ሃያ አንድ ዓመት አልፎታል ተብሎ የቀረው ልጅ አሁን በራሱ ዕጣ ሊመጣ ነው ትላለች። «እመቤቴ፣ በቆንስሉ ፊት ሞገስ ስጪልኝ። ከነጓዙ አምጪልኝ» ትላለች። ቢመጣ ለቤተ ክርስቲያን ጥላ ልታገባ ተስላለች። ከጨረሰች በኋላ አሜን እንድል ትጠብቀኛለች። አሜን እላለሁ። ለሞተ ሰው ቪዛ አሜን ማለት ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ግን አንድ ቀን ለቄሱ እነግራቸዋለሁ።

አሁን የምጠይቅዎት አለ። ከድንኳኖቹ ጀርባ ወደ ላይ የሚወጣ መንገድ አለ፤ ጫፉ ላይ ትልቅ ድንጋይ አለ ትላለች ጎረቤታችን። እማዬ «ሱባኤ ከፍታ ላይ ነው» ብላ ከሐሙስ ጀምራ ጎህ ሲቀድ ብቻዋን ልትወጣ ትፈልጋለች። አብሬ ልሂድ ብላት አይሆንም አለችኝ። ልተዋት?

ሽንኩርት አልቆብናል።

ብሩክታይት

•

አሌክሳንድሪያ፣ ረቡዕ ነሐሴ 7

ብሩኬ፣

ሽንኩርቱን ከዚህ ጋር ዛሬውኑ ልኬልሻለሁ። ያን ሁሉ ሽንኩርት ስትልጪ እናትሽ ምን አለች ብዬ ሳስብ ሳቄ መጣ፤ ከሳቅሁ በኋላ ግን ለራሴም ሽንኩርት ላጥሁ።

ተያት ትውጣ። ሰው በሌለበት ብትጸልይ ምን ትሆናለች? ዛፍ መርዶ አይነግርም። መንገዱ እንዳያንሸራትታት ስኒከሯን አድርጊላት፤ በክፍት ጫማ እንዳትሄድ።

የቅዳሜውን ላስረዳሽ። ቄሱ፣ ይገዙና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ይገባሉ። እኔና የእናትሽ ጓደኛ ንግስት በግራና በቀኝ እንቀመጣለን። ሌላው ሰው ፓርኪንጉ ላይ ይጠብቃል። ከእናንተ በታች ለምትኖረው ጎረቤት ዓርብ ስትገቡ አንድ ቃል ተናገሪ፤ በጠዋት ጩኸት እንደሚኖር፣ ፖሊስ እንዳትጠራ። አምና አንድ ቤት ለቅሶ ላይ ፖሊስ መጥቶ ሐዘንተኛይቱን «ማን መታሽ?» ሲላት እናትሽም እኔም ነበርን። ያን ቀን ደግፋ የያዘቻት እናትሽ ናት።

የኃይለልዑልን ፎቶ አሳጥቤያለሁ። ሦስት ቀን ነው የቀረው። በርቺ።

አክስትሽ

•

ከካምፑ፣ ሐሙስ ነሐሴ 8

አክስቴ፣

የጠየቁኝ ሁሉ ደህና ነው። እማዬ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ወጥታ ተመለሰች። አልወደቀችም። ስኒከሯን አድርጋለች። ትንሽ ጉንፋን ይዟታል መሰለኝ ድምጿ ሻክሯል፤ ዝንጅብል ካለ ለነገ ይላኩልን።

ሌላ ምንም የለም። ሻወሩ ዛሬም ቀዝቃዛ ነው።

አባዬ የት ደረሰ? አደራ፣ ማንም እንዳይደውልለት። ስልኩን ሲያነሳ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ያነሳል፤ ያውቁታል።

ወረቀቱ አጠረኝ፤ እዚህ ላይ ላብቃ።

ብሩክታይት

•

አሌክሳንድሪያ፣ ማክሰኞ ነሐሴ 20

ብሩክታይት፣

በፖስታ የላክሁት የፖስታ ሳጥናችሁን የምትከፍቺው አንቺ ስለሆንሽ ነው። ለቅሶ ቤት ሳገኝሽ ዓይንሽን መሬት ላይ ትተክያለሽ። በወረቀት ግን ትናገሪያለሽና እዚሁ ልጠይቅሽ።

የዚያን ቀን ምን ሆነ? ቄሱ «ልጅሽ ኃይለልዑል» ብለው ሳይጨርሱ አባትሽ ወደቀ። እኔና ንግስት እናትሽን ልንይዝ ተዘጋጅተን ተቀምጠናል። እሷ ግን ተነስታ አባትሽን ያዘችው። አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም። ያን የሻከረ ድምጽዋን ዝቅ አድርጋ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለችው፤ የሌላ ሰው ልጅ እንደሞተ። ነጠላዋን እንኳ እኔ ነኝ የዘቀዘቅሁላት።

ሰው ያወራል። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ባሰ። ንግስት ኩሽናችሁ ውስጥ ሰሃን እያደረቀች «ለገዛ ልጇ ያልወጣ እንባ ለማን ሊወጣ ነው?» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ሌላዋ «የአሜሪካ ልብ ነዋ፣ ከልጇ ተለይታ ስድስት ዓመት» አለች። እኔ እህቷ፣ ያን ሁሉ የደከምኩ፣ ቡናውን ይዤ ወጣሁ።

ማን ነው የነገራት? አንቺ ከሆንሽ አልቆጣም። ዝም ካልሽ ግን እቀየምሻለሁ።

የወይንሐረግ

•

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቅዳሜ ነሐሴ 24

ለአክስቴ ለየወይንሐረግ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይህን በአካል ብዬዎት አላውቅም፤ እርስዎም ልጅዎን እንዳጡ ሰው ሁሉ ረስቶታል።

እኔ አልነገርኳትም። ግን እኔ ነኝ የላክኋት።

ሐሙስ ዕለት ከወጣች ብዙ ቆየች። ፀሐይ ወጥታ ጎረቤቶቻችን ቁርስ መጥበስ ጀምረው ነበር። መንገዱን እያየሁ ስጠብቅ ከዛፎቹ መሃል ብቅ አለች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ጥለቱ አንገቷ ላይ ነው፣ ለሐዘን እንደሚለበሰው። መጨረሻው ዛፍ ጋ ስትደርስ ቆመች። ነጠላዋን አወለቀችና ገልብጣ፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ እንደወትሮው ለበሰች። ከዚያ መጣች። እንዳየኋት አላወቀችም።

ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠችና ውሃ ስጪኝ አለች። ሰጠኋት። አልጠጣችም።

«የሚመጡት ቅዳሜ ነው?» አለችኝ።

ምን ልበል አክስቴ። ራሴን ነቀነቅሁ።

«አባትሽስ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው እኔም አላውቅም። መስማቴ ከታወቀ ሰው ዛሬውኑ ይሰበሰባል፤ ከተሰበሰበ ደግሞ ለእሱ የማይደውል የለም። ያን የሚያህል መኪና እያለቀሰ አይነዳም።» ውሃውን ገፋ አደረገችና «አክስትሽም ደክማበታለች፤ ምንም አትጻፊላት። እኔም እኮ ስንቱን ሰው እንዲህ ደብቄያለሁ» አለች።

ከዚያ እጄን አሸተተችው። «ሽንኩርት ሽንኩርት ትያለሽ፤ ይኼን ሁሉ ቀን ለዚህ ነበር?» አለች። እቅፍ አድርጋ ያዘችኝ። እኔ አለቀስኩ። እሷ ዙሪያውን እያየች «ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል» አለችኝ።

ያን ማታ እንኳ በሶዋን በጠበጠች። እንደ ሁልጊዜው ጸለየች፤ ግን የኤምባሲው ቦታ ላይ ስትደርስ ዘለለችው። አሜን አልጠበቀችኝም። ዓርብ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ተነስታ ወጣች። ያን ጊዜ ነቅቼ ስለነበር ከሩቅ ሰማሁ። የሰው ድምፅ አይመስልም። ጎረቤታችን ከመኪናዋ ወጥታ «ቀበሮ ነው?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ እንደሚያውቁኝ።

ቅዳሜ ዕለት ልታለቅስልዎት አስባ ነበር። ከሌሊቱ ጀምራ ልብሷን ለብሳ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃችሁ ነበር። «ሲመጡ እጮሃለሁ፤ አትደንግጪ» ብላኝ ነበር። ሲደርስ ግን አልወጣላትም። ጉንፋን ያልኩትም ጉንፋን አልነበረም። ድምጿን የጨረሰችው እዚያ ድንጋዩ ላይ ነው።

እንዴት እንደሰማች ደግሞ የደረስኩበት ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ያንን ቦታ እንደገና ስልኬ ላይ ከፈትኩት። በመጀመሪያው ቀን አንድ ኮከብ የሰጡትን ብቻ ነበር ያነበብኩት፤ የተደሰቱ ሰዎች የጻፉት ምን ያደርግልኛል ብዬ። አሁን አምስት ኮከብ የሰጡትን አነበብኩ። አንዷ እንዲህ ትላለች፦ «ጎህ ሲቀድ ወደ ድንጋዩ ውጡ። ፀሐይ ስትወጣ የሚታየው አይረሳም። በካምፑ ሁሉ ስልክ የሚሠራውም እዚያ ብቻ ነው፤ ተቀምጬ ለእናቴ ደወልኩላት።»

እማዬ ድንጋዩ ላይ ስልኳን የከፈተችው ውዳሴ ማርያም ልታነብ ነው። በኋላ ከስልኳ እንዳየሁት፣ መልእክቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወረደ። መጀመሪያ የመጣው በምረቃ ልብሱ የተነሳው ፎቶ ነው፤ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» የሚል። ክንዷን በግራም በቀኝም የያዘ ሰው አልነበረም። መሐላዎን ያፈረስኩት በዚህ ነው። ጥሩውን ስላላነበብኩ።

ፓርኩ በኢሜይል ቆይታችሁ እንዴት ነበር፣ ለሌላ ሰው ትመክራላችሁ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ልመልስ ሞክሬ ነበር። ኮከብ ሳይሰጡ አያልፍም። ተውኩት።

ከዚህ በታች ያለውን ግን ራሴ ወደ አማርኛ መልሼ ጽፌዋለሁ። እኛ ከወጣን በኋላ ባለው ሳምንት አንድ የማናውቀው ሰውዬ የጻፈው ነው። እማዬ አላየችውም፤ እንድታየውም አልፈልግም። አላለቀሰችም ለሚሉት ግን፣ ለእትዬ ንግስት በተለይ፣ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፦

«አንድ ኮከብ። ቦታው ራሱ መጥፎ አልነበረም። ሽንት ቤቱ ይጸዳል፣ ማገዶ አለ። ነገር ግን ሁለት ጠዋት በተከታታይ፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ ላይ ከድንጋዩ በኩል አንዲት ሴት ስትጮህ ቀሰቀሰችን። በማናውቀው ቋንቋ ነው፤ አንድ ስም ደጋግማ ትጠራለች፣ ታርፋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ልጆቻችን ፈርተው ድንኳን ውስጥ አለቀሱ። ሄጄ እንዳላይ ሚስቴ ከለከለችኝ። ለሬንጀሩ ነገርነው፤ ወጥቶ አይቶ ተመለሰና ተዉአት አለን፣ ምክንያቱን አልነገረንም። ጸጥታ ፈልጎ ለሚመጣ ሰው ይህን ካምፕግራውንድ አልመክርም።»

የምትጠራው ስም ማን እንደሆነ አልጻፈም። ለእነሱ ጆሮ ረጅም ስም ነው።

ልጅዎ ብሩክታይት